ሁለቱ ሰንበታትና የሳምንቱ ጉባኤ፦ ከየት ተነሥቶ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ጥያቄ፦ ከ«ተሳላሚ»

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የምኖረው በኩዌት ነው። እዚህ ያለን አብዛኞቻችን በሰው ቤት የምንሠራ ስለሆንን ዕረፍት የሚሰጠን፣ ከተሰጠንም፣ ዓርብ ቀን ነው። በዚህም ምክንያት ቅዳሴውም ስብከቱም መዝሙሩም የሚደረገው ዓርብ ነው። በቅርቡ ከጉባኤ በኋላ በተነሣ ጨዋታ አንዲት እናት «ሰንበት የሌለን ክርስቲያኖች ሆነን ቀረን» ብለው አዘኑ፤ አንድ ወንድም ደግሞ «ቀን መምረጥ የአይሁድ ሥርዓት ነው፤ እግዚአብሔር በየትኛውም ቀን ይመለካል» ብሎ መለሰላቸው። እኔን ሁለቱም አባባሎች አላረኩኝም።

ባደግሁበት በጎጃም ገጠር ቅዳሜ በሬ አይጠመድም፣ እህል አይታጨድም ነበር፤ ገበያው ግን የሚቆመው ቅዳሜ ነው። እሑድም ይከበራል። ሌሎች ክርስቲያኖች እሑድን ብቻ ሲያከብሩ እኛ ዘንድ ቅዳሜ እንዴት ሊተርፍ ቻለ? ከመጀመሪያ ጀምሮ የነበረ ነው ወይስ አንድ ንጉሥ ያወጀው? ደግሞም ሰንበት ስንል ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ነገሮች፣ ማለትም ሌሊቱ ማኅሌት፣ ቅዳሴው፣ ስብከቱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚቆረሰው ዳቦ፣ ሁሉም እኩል የቆዩ ናቸው ወይስ በየዘመኑ እየተጨመሩ የመጡ? የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳኝ ለእነዚያ እናትም አነብላቸዋለሁ።

መልስ፦ ከ«የታሪክ አንባቢ»

እኅታችን፣ ጥያቄሽ ረዥም ታሪክ ያለው ስለሆነ መልሱም ማጠሩ አይቀርም ብዬ ቃል አልገባም። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የክርስቲያኖች ሳምንታዊ ስብሰባ ከመነሻው ሁለት ቀን ያውቅ ነበር። ሐዋርያት ቅዳሜ ወደ ምኩራብ ይገቡ ነበር፤ እንጀራ ለመቁረስ የሚሰበሰቡት ግን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 እንደምናነበው፣ ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን ነበር። በ155 ገደማ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሮም ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መከላከያ ይህን ስብሰባ በዝርዝር ገልጾታል፤ በከተማም በገጠርም ያሉት በአንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ፣ ጊዜ እስከ ፈቀደ ድረስ የሐዋርያት ወይም የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ፣ መሪው ይመክራል፣ ሁሉም ቆመው ይጸልያሉ፣ ኅብስትና ወይን ይቀርባል፣ ላልመጡትም ዲያቆናት ያደርሱላቸዋል፣ ያለው ደግሞ ለድኾች ይሰጣል። ቅዳሴያችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሲያነብ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ልብ በይ፤ በዚያ ጊዜ እሑድ የሥራ ቀን ነበር። እሑድ የዕረፍት ቀን እንዲሆን ያዘዘው በ321 ቆስጠንጢኖስ ነው፤ እርሱም ቢሆን ዳኞችንና የከተማ ሰዎችን እንዲያርፉ ሲያዝ ገበሬዎችን እርሻቸውን እንዲሠሩ ፈቅዶላቸዋል። የእኛ አገር ገበሬ ከከተሜው ቀድሞ ሞፈሩን የሚሰቅል መሆኑን ሳስብ ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቅዳሜስ? በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ በሎዶቅያ ከተማ የተሰበሰቡ አባቶች ክርስቲያኖች እንደ አይሁድ ቅዳሜ ሥራ ፈትተው እንዳይውሉ ከለከሉ፤ ይሁን እንጂ በዚያው ጉባኤ ቅዳሜ ወንጌል እንዲነበብ ደነገጉ። በሌላ በኩል በሐዋርያት ስም የተጻፉት የሥርዓት መጻሕፍት፣ እኛ ዘንድ ሲኖዶስና ዲድስቅልያ የምንላቸው፣ ሕዝቡ በሁለቱም ቀናት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰበሰብ ያዛሉ። የኢትዮጵያ መነኮሳት በኋላ ለያዙት ክርክር ትልቁ መሣሪያ የሆኑት እነዚህ መጻሕፍት ናቸው።

ክርክሩ የተፋፋመው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ጳጳሳቱ ከእስክንድርያ የሚላኩ ግብጻውያን ስለነበሩ የመንበሩን ሥርዓት ተከትለው እሑድን ብቻ ያስከብሩ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ከእነርሱ ጋር ቆመ። በሰሜን፣ በሰራዬ፣ ያስተምሩ የነበሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ ግን ሁለቱም ሰንበታት ካልተከበሩ አይሆንም አሉ። በአገራቸው ተቃውሞ ስለበዛባቸው ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይዘው ወጡ፤ በግብጽና በኢየሩሳሌም አልፈው አርመን ደረሱ፣ በዚያም በ1352 ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ጳጳሱ ክህነት ስላልሰጣቸው ከቤተ መንግሥትም ከትልልቆቹ አድባራትም ርቀው የራሳቸውን ገዳማት አቋቋሙ፤ ደብረ ቢዘን ከእነዚህ አንዱ ነው። መገለላቸው አላዳከማቸውም። እንዲያውም በሰሜኑ ሕዝብ ዘንድ ተሰሚነታቸው በየጊዜው አደገ።

በዐፄ ዳዊት ዘመን የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ተጠርተው በጳጳሱ ፊት ቀረቡ፤ ሐሳባቸውን አልለውጥ ስላሉም ታሰሩ። ንጉሡ ግን በ1404 አስፈታቸው፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በገዳማቸው ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀደ፣ ቤተ መንግሥቱ ግን በእሑድ ብቻ ጸና። ጉዳዩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ1450 በሸዋ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የቅዳሜን መከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰንበታት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆኑ።

መልስ፦ ከ«ተጠራጣሪው»

ከላይ የተጻፈውን በጥሞና አነበብሁት። ሆኖም አንድ ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። የደብረ ምጥማቅ ውሳኔ ሰሜንንና ሸዋን በአንድ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ለማሰር የፈለገ ብርቱ ንጉሥ የፈጸመው ስምምነት አይደለምን? ዘርዓ ያዕቆብ የእመቤታችንን በዓላት ቁጥር 33 ያደረሰ፣ ተአምረ ማርያም በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ያዘዘ፣ በሃይማኖት ጉዳይ ከማንም በላይ እጁን ያስገባ ንጉሥ ነው። የቅዳሜም ነገር ከዚያው የንጉሥ ሥራ የተቆጠረ ቢሆንስ? በተጨማሪም ቅዳሜን አጥብቀው የሚያከብሩት ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በአጠገባችን እየኖሩ የእነርሱ ተጽዕኖ የለበትም ማለት ይቻላልን?

መልስ፦ ከ«የታሪክ አንባቢ»

ወንድሜ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ዘርዓ ያዕቆብ የመንግሥቱን አንድነት አስቦ መሥራቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ጉባኤው ከመሰብሰቡ መቶ ዓመት በፊት መነኮሳት ክህነት ተከልክለው፣ ተሰደው፣ ታስረው የያዙትን ነገር ንጉሡ ፈጠረው ማለት አይቻልም። ንጉሡ ያደረገው ከታች የመጣውን ተቀብሎ ሕግ ማድረግ ነው። በእኔ ግምት የእርሱ ትልቁ ድርሻ ሌላ ቦታ ነው፤ መጽሐፈ ብርሃን በሚባለው መጽሐፉ ሰንበታት ከሥራ የሚታረፍባቸው ብቻ ሳይሆኑ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሃይማኖቱን የሚማርባቸው ቀናት እንዲሆኑ ካህናትን አዝዟል። ይህ ለሳምንቱ ጉባኤ ታሪክ ከዕረፍቱ ክርክር የማይተናነስ ነገር ነው።

ስለ ቤተ እስራኤል የምርምር ሰዎች ተጽዕኖው ከየት ወደ የት እንደ ሄደ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ልዩነቱን ግን ዐፄ ገላውዴዎስ ራሱ በ1555 በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ በግልጽ አስቀምጦታል። የካቶሊክ መምህራን «አይሁዳዊ ሥርዓት ትከተላላችሁ» ብለው ስለከሰሱ ሲመልስ፣ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ ውኃ ባለመቅዳት፣ እሳት ባለማንደድ፣ ምግብ ባለማብሰልና ከቤት ወደ ቤት ባለመሄድ አይደለም፤ የምናከብረው ቁርባን በማቅረብና በዲድስቅልያ እንደ ታዘዘው ማዕድ በማድረግ ነው ይላል። አክሎም ከእሑድ ጋር አናስተካክለውም ይላል። እኅታችን በጎጃም ያየችው፣ በሬው ሳይጠመድ ገበያው የሚቆምበት ቅዳሜ፣ ከዚህ አነጋገር ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

በኋላም ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ የቅዳሜን አከባበር ሲከለክል አመፅ ተነሣበት፤ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ለሕዝቡ ሲመልስ ቅዳሜም አብሮ ተመለሰ። በአዋጅ ብቻ የቆመ ነገር ቢሆን ኖሮ በሌላ አዋጅ ይጠፋ ነበር።

መልስ፦ ከ«ደጀ ሰላም»

መምህራን ታሪኩን በሚገባ አብራርታችሁታል። እኔ ከአብነት ትምህርት ቤት እንደ ወጣ ሰው ሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ልጨምር፤ ምክንያቱም የቅዳሜ ክብር ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ከዕረፍቱ ይልቅ በአገልግሎቱ ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ይቀደሳል። በሥራ ቀናት ይሰገዳል፤ በሁለቱ ሰንበታት ስግደት የለም። ሰው በእነዚህ ሁለት ቀናት ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ፣ ይከለከላል እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልና ከውኃ አይከለከልም። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ በእህልና በውኃ የሚጾመው ቀዳም ስዑር፣ የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ብቻ ነው። እነዚህን ሕጎች ብዙ ምእመን «ለምን?» ሳይል ይፈጽማቸዋል፤ ነገር ግን ኤዎስጣቴዎሳውያን የተሟገቱለት ነገር ያለው እዚህ ነው፣ ሁለቱ ቀናት ከሌሎቹ አምስት ተለይተው በአንድነት ይቆማሉ።

እሑድ ደግሞ በራሱ ብልጫ አለው። ሊቃውንቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ማኅሌት የሚቆሙት በእሑድ ሌሊትና በበዓላት ነው። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት መካከል የአትናቴዎስ ቅዳሴ ሰንበተ ክርስቲያንን እንደ ሰው እያነጋገረ የሚያመሰግን ረዥም ክፍል ስላለው ከእሑድ ጋር ልዩ ዝምድና አለው። የሌሊቱ ጸሎት ሰዓታት በአብዛኛው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ድርሰት ነው፤ እርሳቸውም የነበሩት ይህ ክርክር በሚነድበት በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው። ስለዚህ አሁን በየሳምንቱ የምንሰማው አገልግሎት አካሉ ከጥንት የመጣ፣ ልብሱ ግን በብዙው በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የተሰፋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኅታችን ስለ ስብከቱ ጠይቃለች። በገጠር ደብር የቆየው ልማድ ከቅዳሴ በኋላ ስንክሳር ወይም ተአምር ተነቦ፣ ንስሐ አባት ወይም አስተዳዳሪው አጭር ምክር ሰጥቶ፣ ሕዝቡ ጸበል ጠጥቶ መሄድ ነበር። በዓውደ ምሕረት ቆሞ ወንጌልን በአማርኛ ሰፋ አድርጎ የሚሰብክ፣ በየሳምንቱ የሚጠበቅ ሰባኪ፣ በብዙ ቦታ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

መልስ፦ ከ«የቀድሞ የሰንበት ተማሪ»

እስካሁን የተነገረው በመቅደሱና በቅኔ ማኅሌቱ ያለው ነው። ሕዝቡ የራሱ የሆነ ሌላ ሳምንታዊ ስብሰባ ነበረው፤ እርሱም ሰንበቴ ነው። ስለ ሰንበቴ ሳይነገር የሳምንቱ ጉባኤ ታሪክ ተነገረ ማለት ለእኔ አይቻልም።

በአጥቢያው ያሉ ሰዎች ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ሙሴ የሚባል መሪ ይመርጣሉ፤ ተራ የደረሰው አባል እሑድ ዳቦውን፣ እንጀራውን፣ ጠላውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያመጣል። ቅዳሴው ሲያልቅ በሰንበቴ ቤቱ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ካህኑ ባርከው፣ ካህናቱና ድኾች ቀድመው ቀምሰው፣ አባላቱ አብረው ይበላሉ። የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሞተ ዝክሩ የሚታሰበው እዚያ ነው። ገላውዴዎስ ማዕድ ብሎ የጻፈውንና ዮስጢኖስ ለድኾች ይሰጣል ያለውን ሳነብ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ይህ ነው። ብዙዎቻችን ጠበል ጻዲቁን እንደ ተጨማሪ ግብዣ እናየዋለን፤ እኔ ግን የስብሰባው ግማሽ ነበር እላለሁ። ማንበብ ለማይችልና ግእዝ ለማይሰማ ገበሬ አጥቢያው ቤቱ መሆኑን የሚያስታውሰው ቅዳሴው ብቻ ሳይሆን ተራው መድረሱም ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት በከተማ ይህ ሚዛን ተቀየረ። ትምህርት ቤት የገባው ወጣት በማይሰማው ቋንቋ ቆሞ መዋል አልበቃ አለው። በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፓትርያርክ አገኘች፤ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ ሲቋቋም የሰንበት ትምህርት ቤትም በአጥቢያው መዋቅር ውስጥ ቦታ አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደርግ ሃይማኖትን ቢያጣጥልም ወጣቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቶች መጉረፉን አላቆመም። ነጭ የሰንበት ተማሪ ልብስ፣ በከበሮ የሚዘመረው የአማርኛ መዝሙር፣ የቅዳሜና የእሑድ ከሰዓት ጉባኤ የዚያ ትውልድ ፍሬ ናቸው። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ ተስፋፋ፤ በእርሱ ሳምንታዊው ትምህርት ከደብሩ ቅጥር ወጥቶ ተማሪው ወዳለበት ሄደ።

ትርፍና ኪሳራውን በሐቅ እንናገር ካልን፣ ምእመኑ ቃሉን በሚሰማው ቋንቋ ተማረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ በከተማ አጥቢያዎች ሰንበቴ እየሳሳ፣ ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሰምቶ ሳይተዋወቅ የሚለያይበት ጉባኤ ቦታውን እየያዘ ሄደ። በውጭ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ሳያስቡት የመለሱት ይመስለኛል፤ በአሜሪካም በአውሮፓም ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የሚቀርበው ምሳ፣ ተራ ገብተው የሚያበስሉት ቤተሰቦች፣ ከሰንበቴ በስም እንጂ በግብር ብዙ አይለዩም። እዚያም በሥራ ቀን የዋለው የወር በዓል ወደ እሑድ እየተዛወረ ስለሚከበር እሑድ በአገር ቤት ያልነበረው ክብደት ተጭኖበታል።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ ከ«ተሳላሚ»

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከጠበቅሁት በላይ ተማርሁ። የቀረኝ አንድ ነው። እንግዲህ የእኛ የዓርብ ጉባኤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ይባላል? ሰንበትን ለውጠናል ማለት ነውን? ደግሞም ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ በጠዋት ቀድሰን ምሳ ስንበላ አንዳንዱ ሰው ቅር ይለዋል።

መልስ፦ ከ«ደጀ ሰላም»

ሰንበትን አልለወጣችሁም፣ ልትለውጡም አትችሉም፤ ለእነዚያ እናት ይህን ንገሪያቸው። ቅዳሴ በየትኛውም ቀን ይቀደሳል፤ በገዳማትና በትልልቅ አድባራት በየዕለቱም ይቀደሳል። ዓርብ መሰብሰባችሁ ለመሰብሰብ የተገኘውን ቀን መጠቀም ነው እንጂ ለቀኑ የሰንበትን ክብር መስጠት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም ለብዙ ዘመን ዋና ስብሰባቸውን ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ዓርብ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ ሲያዛውር በዚያ ያሉት ቀኑን እንደገና ማሰብ አስፈልጓቸዋል። እናንተ ዘንድ ግን አሠሪ የሚፈቅደው ቀን ነው ወሳኙ።

ቅር የሚለው ሰው ግን እውነት አለው። ዓርብ በጾም ቀን ሥርዓት ይገዛል፤ ስለዚህ ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ቢዘገይ ይመረጣል፣ ማዕዱም የጾም ይሁን። አሠሪ የሰጠው ሰዓት አጥሮ ጠዋት መቀደስ ግድ ከሆነ ውሳኔው የካህኑ ነው፤ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ የሚፈርድበት አይደለም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ዓርብም ስለማይጾም ያን ጊዜ ጠዋት መቀደሱም ምሳውም ጥያቄ አያስነሣም። ቅዳሜና እሑድን ደግሞ በሥራ ላይም ሆናችሁ ባለመስገድ፣ በእህልና በውኃ ባለመጾም፣ የቻላችሁ በውዳሴ ማርያም የየዕለቱን ክፍል በማድረስ ማክበር ትችላላችሁ፤ ይህን የሚከለክል አሠሪ ያለ አይመስለኝም። ለምሳው ደግሞ ሙሴ ምረጡና በተራ አድርጉት።